ትርንጎ፣ እህቷ እና ያልተፈታው ቡሎን

ተረቴን ላስነሣው ነው፤ «ይነሣ!» በሉኝ። ጮክ በሉ እንጂ! ያልበላ ሰው ትመስላላችሁ። እሺ፣ ተነሣልኝ።

አንዲት ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። ቤቷ ከከተማው ጫፍ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል፤ ከመደቧ ተነሥታ ደጅ ለመውጣት እንኳ ግድግዳውን መለማመጥ አለባት። ይቺ ትርንጎ ማንጠግቦሽ የምትባል ታናሽ እህት አለቻት። ማንጠግቦሽ የምትኖረው ከአቀበቱ ማዶ፣ ሾላ አምባ ነው። እናታቸው ቶሎ ስለሞተችባቸው ትርንጎ ናት አዝላ ያሳደገቻት። እህት ይበሏት እንጂ ልጇ ናት።

በአንዱ የገበያ ቀን ከአምባው ሽንኩርት አውርዳ የምትሸጥ ሴት ትርንጎ ደጅ ቆመች።

«እትዬ ትርንጎ፣ ማንጠግቦሽ ተኝታለች። ‹ትርንጎ ትምጣና ቁጭ ብለን እንጫወት› ብላለች።»

«ምን ሆነች?»

«ተኝታለች ነው የምልዎ፣ እትዬ።»

ትርንጎ ሌላ አልጠየቀችም። ገባት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍላጎቷ አንድ ብቻ ሆነ፤ እህቷ ዘንድ መድረስ። ቀሚስ ግዙልኝ አላለች፣ ቤት አድሱልኝ አላለች። አድርሱኝ ነው ያለችው። ይቺ ታንሳለች ትላላችሁ? ቆዩ።

አውቶብስ የለም ወይ ልትሉኝ ነው። አለ። አውቶብሱ ግን መገንጠያው ላይ አራግፎሽ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበት የእግርሽ ነው። ትርንጎ ደግሞ እግር የላትም። ስልክስ አትበሉኝ፤ አምባው ላይ ስልክ ድንጋይ ነው። አሁን ዝም ብላችሁ ስሙ።

ትርንጎ ይበልጣል የሚባል ልጅ አላት። ይበልጣል ደግሞ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና አለችው፤ ሰው እያመላለሰ ነው የሚበላው።

«ይበልጣል ልጄ፣ ማንጠግቦሽ ዘንድ አድርሰኝ።»

«ባደርስሽ ደስታዬ ነበር፣ እማዬ። መኪናው እንቢ አለኝ እንጂ።»

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣችና መኪናውን ጠየቀችው።

«መኪና፣ መኪና፣ ምነው አትሄድ?»

«ማርሽ ካልያዘ በምኔ ልሂድ? ጎማ ብቻውን የሚሄድ መሰለሽ?»

«ማርሽ፣ ማርሽ፣ ምነው አትይዝ?»

ማርሹ ጥርሱን አፋጨ። «አልሰማሽኝም ስጮህ? ሁለተኛ ሲያስገባኝ ድንጋይ እንደሚፈጭ ሰው ነው የምጮኸው። ልጅሽ ይቺን መኪና ከገዛት ጀምሮ የምኖርበትን ካምቢዮ ዘይት ቀይሮልኝ አያውቅም። የሞተሩን ይቀይራል፣ ፊቷን ያጥባል፣ መስታወቷን ይወለውላል። እኔ ከሥር ነኝ፤ የማይታይ ማን ያስታውሰዋል? ዘይቴ ጠቁሯል፣ ተቃጥሏል፣ ሸቷል። አዲስ ዘይት ካልጠጣሁ አልይዝም።»

እንግዲህ፦ ማርሽ አልይዝም አለ፣ ዘይት ካልጠጣሁ። መኪና አልሄድም አለ፣ ማርሽ ካልያዘ። ይበልጣል አላደርስም አለ፣ መኪና ካልሄደ። ትርንጎም ደጇ ላይ ቀረች። ማንጠግቦሽም በሩን በሩን ታያለች።

ይበልጣል እጅጌውን ሰበሰበ። «እዚሁ ግቢዬ ውስጥ እቀይረዋለሁ» አለ። «ምን ጣጣ አለው? ከታች ይፈሳል፣ ከላይ ይገባል። ለዚህ ጋራዥ አልሄድም።» አያችሁት? አፉ ላይ ሥራ ሁሉ ቀላል ነው።

ዘይት መሸጫው ሄደ።

«ዘይት ስጠኝ።»

«ለምን የሚሆን?» አለ ባለሱቁ።

«ለመኪና ነዋ! ለሰላጣ መሰለህ?»

«ለሞተሩ ነው፣ ለካምቢዮው ነው ወይስ ለዲፈረንሲያሉ?»

«ለካምቢዮው። ወፈር ያለውን አምጣ። ወፍራም ዘይት ያረጋጋል፣ ጩኸት ይሸፍናል።»

ባለሱቁ ወፈር ያለውን ሰጠው። የጠየቁትን መስጠት ነው ሥራው።

ይበልጣል ዘይቱን ይዞ ግቢው ሲገባ ዘይቱ ከጀሪካኑ ውስጥ ተናገረ።

«እኔን ለማን ነው ያመጣኸኝ?»

«ለካምቢዮዬ።»

«አይ አንተ! እኔ የዲፈረንሲያል ነኝ፤ የኋላ እግር ነው የማገለግለው። ካምቢዮህ ውስጥ ቢጫ ቢጫ የነሐስ ቀለበቶች አሉ። ማርሽና ማርሽ ሳይጣሉ እንዲያያዙ እንደ ሽማግሌ ከመሀል የሚገቡት እነሱ ናቸው። እኔ ውስጥ ያለው መድኃኒት ደግሞ ነሐስ ይበላል። ሽማግሌዎቹን በልቼ ልጨርስልህ? ጀርባዬን ማንበብ አቃተህ? አምስት ቁጥር ነኝ። የአንተ ካምቢዮ የሚጠጣው አራት ቁጥሩን ነው፣ ቀጠን ያለውን።»

ቁጥሩን እኔ ከየት አውቄው ልጆቼ፤ ዘይቱ ያለውን ነው የምነግራችሁ።

ይበልጣል ተመልሶ ሄደ። ሱቁ ዝግ ነበር፤ ባለሱቁ ሠርግ ሄዷል። በማግስቱ ሄደ። አራት ቁጥሩ አልቋል፣ እስኪመጣ ጠብቅ አሉት። ጠበቀ። ዘይቱ ሲመጣ ገበያውም ዞሮ መጣ፤ ከገበያው ጋርም ሽንኩርት ሻጯ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ‹መጫወቱስ ይቅር፤ ትምጣና አጠገቤ ትቀመጥ› ብላለች።»

«መጫወቱ ለምን ይቀራል?»

«ድምጿ ደክሟል፣ እትዬ።»

ትርንጎ ወደ ግቢው ዞረች። «ይበልጣል!»

«ዛሬ እማዬ፣ ዛሬ! ዘይቱ ይኸው፣ አራት ቁጥር!»

አሁን ደግሞ ሥራውን ስሙልኝ። መጀመሪያ ሞተሩን አስነሣ፤ ዘይቱ ሞቅ ሲል ይቀጥናል፣ አንጠፍጥፎ ይወጣል። ይኼን ዐውቋል። መኪናውን ሜዳው ላይ፣ ደልደል ባለው ቦታ አቆማት። ይኼንንም ዐውቋል። ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረገ፣ በክሪክ አነሣት፣ በግንድ አስደገፋት፣ ከሥሯ ገባ። ጎበዝ። ከዚያ የታችኛውን ቡሎን ፈታው።

ወዮ! ወዮ ይበልጣል!

ካምቢዮ ልጆቼ ሁለት ቡሎን ነው ያለው። የታችኛው ማፍሰሻ ነው፣ የላይኛው መሙያ ነው። ሰው አስቀድሞ የላይኛውን ይሞክራል። እንደሚፈታ ካየ በኋላ የታችኛውን ይከፍታል። መሙያው ሳይፈታልህ ያለህን ካፈሰስክ ምን ይቀርሃል? ይበልጣል ግን ቸኮለ። ጥቁሩ ዘይት ሳፋው ውስጥ ተንዠቀዠቀ፤ መሀል መሀሉ ላይ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ማርሹ ያላመጠው የገዛ ጥርሱ ነው። አንጠፍጥፎ ሲያበቃ ይበልጣል የታችኛውን መልሶ አጠበቀና ወደ ላይኛው ዞረ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። በአጥሩ ማዶ ሞላልኝ የሚባል ጎረቤት አለ። የትልልቅ መኪና ሰው ነበረ፤ ዕድሜውን ከካምቢዮ ሥር ነው የጨረሰው። በአጥሩ ቀዳዳ ይበልጣል የታችኛውን ሲፈታ አየ። «ኧረ የላይኛውን አስቀድም!» ቢል ያበቃ ነበር። ሞላልኝ ግን አየ፣ ዐወቀ፣ ዝም አለ። ለምን? ደርሰንበት ትሰሙታላችሁ።

ይበልጣል ጀሪካኑን አነሣ። «ግባ እንግዲህ!»

«በየት ልግባ?» አለ ዘይቱ። «ላይኛው ቡሎን ካልተፈታ አልገባም።»

ይበልጣል ቡሎኑን በፒንሳ ቆነጠጠው። በመዶሻ ጠረበው። አፉን አቆሰለው። ቡሎኑም ጮኸ።

«አንተ ሰው፣ ምን በድዬሃለሁ? ጭንቅላቴ ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለኝ። ልኬ የሆነ አራት ማዕዘን ቁልፍ አለ፤ እሱ ካልያዘኝ አልፈታም። ስንት ዘመን ዘግተኸኝ ኖረህ ዛሬ በመዶሻ ‹እንዴት አደርክ› ትለኛለህ?»

እንግዲህ፦ ቡሎን አልፈታም አለ፣ ቁልፍ ካልያዘኝ። ዘይት አልገባም አለ፣ ቡሎን ካልተፈታ። ማርሽ አልይዝም አለ፣ ዘይት ካልጠጣሁ። መኪና አልሄድም አለ፣ ማርሽ ካልያዘ። ይበልጣል አላደርስም አለ፣ መኪና ካልሄደ። ትርንጎም ደጇ ላይ ቀረች። ማንጠግቦሽም በሩን በሩን ታያለች።

ትናንት መኪናዋ እየጮኸችም ቢሆን ግቢው ውስጥ ትንፏቀቅ ነበር። ዛሬ ሆዷ ባዶ ነው፤ አንድ እርምጃ ብትሄድ ጥርሷ ይረግፋል።

ይበልጣል ወደ ጋራዡ ሮጠ። «አራት ማዕዘኑን ቁልፍ አውሱኝ።»

«ቁልፍ ከጋራዥ አይወጣም። መኪናውን አምጣው» አሉት።

«መኪናው እኮ መሄድ አይችልም!»

«በገመድ አስጎትተው።»

«እኔ? በሰፈሬ መሀል፣ እንደ ታሰረ በሬ ተጎትቼ?» አለና ተመለሰ። እናቱን ለማድረስ ገመድ ያሳፍረዋል። ሳቁ፣ ሳቁ። መሳቂያው አሁን ነው፤ በኋላ አታገኙትም።

ትርንጎ ልጇ ባዶ እጁን ሲገባ ጊዜ «ሞላልኝ ቤት አለ እኮ፣ ያ ቁልፍ» አለችው። ይበልጣል ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ። ስለዚህ ራሷ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ አጥር አጥሩን ይዛ ሞላልኝ ደጅ ደረሰች። ቁልፉ ከእንጨት ሣጥኑ ውስጥ አያት።

«ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ምነው አትወጣ?»

«ሞላልኝ ካላወጣኝ አልወጣም። ባለቤት አለኝ፣ እትዬ።»

«ሞላልኝ ልጄ፣ ምነው አታወጣው?»

ሞላልኝ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት። እጇን ሳመ። ከዚያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠበት።

«እትዬ ትርንጎ፣ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም። እናቴ ደብሪቱ የሞተች ጊዜ እርስዎ በዚያ ጉልበትዎ መጥተው አልቅሰዋል፤ አልረሳውም። ልጅዎ ግን ያን ቀን ምን አደረገ? እኛ ድንኳን ጥለን እያለቀስን እሱ ሙሽራ ጭኖ ጥሩምባ እየነፋ በደጃችን አለፈ። እሺ፣ እንጀራው ነው፣ ይለፍ። ማታ ይመጣል አልኩ፤ ቀረ። በሣልስቱ አልኩ፤ ቀረ። በአርባው አልኩ፤ ቀረ። አጥር የሚጋራኝ ሰው እናቴን ሳያለቅስልኝ ቀረ። ሌላው ቢቀር ገብቶ ‹እግዚአብሔር ያጽናህ› አይልም?»

«እኔ ልበልህ፣ ስለ እሱ።»

«ለቅሶ በውክልና አይደረስም፣ እትዬ። እሱ ራሱ ካልመጣ አላወጣም። ለእርስዎ ብሰጥ ለእሱ መስጠት ነው።»

ለቅሶ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም ልጆቼ። ለሠርግ ያልመጣ ሰው ሥራ በዝቶበት ነው ይባላል። ለቅሶ ያልመጣ ግን ሞትህን ያልቆጠረ ነው። ሞላልኝ እውነት አለው። እውነቱን ይዞ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠበት፤ እዚያ ላይ ነው የከፋው።

ትርንጎ አጥር አጥሩን ይዛ ተመለሰች።

«ይበልጣል፣ ምነው አትሄድ?»

«ያን ቀን ጥሩምባውን የነፋሁት እኔ አይደለሁም፤ ከፊቴ ያለው መኪና ነው! ድንኳኑን ሳየው እጄ መሪው ላይ ቀረ፣ እማዬ። አፈርኩ። ነገ እሄዳለሁ ስል ነገው በለጠብኝ። ከዚያ ሞላልኝ ዕድር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ ‹ይበልጣል ሰው አይደለም› አለ። ሰው አይደለም ያለኝ ሰው እሱ ራሱ ካልጠራኝ ደጁን አልረግጥም።»

ትርንጎ እንደገና አጥር አጥሩን ይዛ ሄደች።

«ሞላልኝ፣ ጥራው።»

«ያልመጣን ሰው እኔ ልጥራው? ሟች የእኔ፣ ለማኝም እኔ?»

እንግዲህ አሁን ዙሩን ቁጠሩልኝ፦ ሞላልኝ አልጠራም አለ፣ ይበልጣል ካልመጣ። ይበልጣል አልመጣም አለ፣ ሞላልኝ ካልጠራ። ቁልፍ አልወጣም አለ፣ ሞላልኝ ካላወጣኝ። ቡሎን አልፈታም አለ፣ ቁልፍ ካልያዘኝ። ዘይት አልገባም አለ፣ ቡሎን ካልተፈታ። ማርሽ አልይዝም አለ፣ ዘይት ካልጠጣሁ። መኪና አልሄድም አለ፣ ማርሽ ካልያዘ። ይበልጣል አላደርስም አለ፣ መኪና ካልሄደ። ትርንጎም ደጇ ላይ ቀረች። ማንጠግቦሽም በሩን በሩን ታያለች።

ቡሎኑ እንኳ ቁልፍ ቢያገኝ ይፈታል። እነዚህ ሁለቱ ግን መፍቻቸው የት ነው? አንዱ ጥሪ ይጠብቃል፣ አንዱ እግር ይጠብቃል። ማርሾቹ መሀል እንኳ የነሐስ ሽማግሌ አለ፤ በእነሱ መሀል አጥር ብቻ።

ቀኑ አልጠበቃቸውም። ገበያው ዞሮ መጣ። ሽንኩርት ሻጯም መጣች፤ ዛሬ ሽንኩርት አልያዘችም።

«እትዬ ትርንጎ…»

«በይ ንገሪኝ።»

«‹መቀመጡም ይቅር፤ በሩ ላይ ብቻ ትቁምና ልያት› ብላለች።»

«ዓይኗስ ገና ያያል?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ያን ቀን መሸ፤ ሲነጋ ትርንጎ ማንንም አልጠየቀችም። ይበልጣልን አልጠራችም፤ ሞላልኝ ደጅ አልሄደችም። ለመኪናው፣ ለማርሹ፣ ለዘይቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፣ ምርኩዟን ያዘች፣ ወጣች። አስፋልቱ ላይ። ግድግዳ የለ፣ አጥር የለ። ወደ አቀበቱ ፊቷን አቀናች።

አንዲት ጎረቤት አየቻት። «ኧረ እትዬ ትርንጎ፣ ወዴት ነው?»

«እህቴ ዘንድ።»

«በእግርዎ?!»

«በምን ልሂድ ታዲያ? በልጄ ኩራት ልሳፈር?»

ሰው እየወጣ ያያት ጀመር። ባለሱቁ ወጣ፣ ልብስ ሰፊው ወጣ። ትርንጎ አንድ እግሯን ታነሣለች፣ ታርፋለች፤ ሌላውን ታነሣለች፣ ታርፋለች። ጥቂት እንደሄደች ጉልበቷ ከዳትና አስፋልቱ ዳር በደረቷ ተደፋች። ተነሥታ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ምርኩዟን በእጇ እየዳበሰች ፈለገች፤ ልትቀጥል ነው።

ሞላልኝ ከደጁ አያት። ይበልጣል ከመኪናው ሥር ሆኖ ጩኸት ሰማ። አንዱ በዚህ ሮጠ፣ አንዱ በዚያ ሮጠ። ሁለቱም እኩል ደረሱ። አንዱ ቀኝ እጇን ያዘ፣ አንዱ ግራ እጇን ያዘ። ከዚያ ቀና ሲሉ ፊት ለፊት ተያዩ።

«ልቀቁኝ» አለች ትርንጎ።

አልለቀቋትም። ማንም ማንንም አልጠራም፤ ማንም ወደ ማንም አልሄደም። ግን ይኸው ተገናኝተዋል።

ይበልጣል ቀድሞ ተናገረ። «ጋሽ ሞላልኝ… እማማ ደብሪቱን… እግዚአብሔር ያጽናዎ። አፍሬ ነው የቀረሁት። ሲቆይ ደግሞ እፍረቱ ብሶ እንደ ቡሎኑ ዛገብኝ።»

ሞላልኝ አንገቱን ደፋ። «የታችኛውን ስትፈታ እያየሁህ ነበር እኮ፣ ይበልጣል። በአጥሩ ቀዳዳ። አንድ ቃል ብልህ…» አልጨረሰውም። ተቃቅፈው አለቀሱ። ለደብሪቱ ይሁን፣ ለራሳቸው ይሁን፣ እኔ አላውቅም።

ትርንጎ ከመሀላቸው፣ ከመሬት ሆና ቀና ብላ አየቻቸው።

«ስትጨርሱ ንገሩኝ» አለች።

ያኔ ነው ዙሩ የተበተነው! ተከተሉኝ፦

ይበልጣል መጣ፤ ሞላልኝ ሣጥኑን ከፈተ። ሞላልኝ ከፈተ፤ ቁልፍ ወጣ። ቁልፍ ወጣ፤ ቡሎኑን አራቱንም ማዕዘን ያዘው። ያዘው፤ ቡሎን አንዴ ጮኾ ተፈታ። ቡሎን ተፈታ፤ ዘይት በቱቦ ተንቆርቁሮ ገባ። «ጨምር» አለ ሞላልኝ ከሥር ሆኖ፣ «ጨምር… ጨምር… ቆይ!» ካምቢዮው ሞልቶ ዘይቱ በላይኛው ቀዳዳ መለስ ብሎ ሲንጠባጠብ ያኔ ልኩ ነው። ዘይት ገባ፤ ማርሽ ጠጣ። ማርሽ ጠጣ፤ ያዘ። ማርሽ ያዘ፤ መኪና ሄደ። መኪና ሄደ፤ ይበልጣል እናቱን ከፊት አስቀመጠ። ሞላልኝም ከኋላ ገባ፤ ቁልፉን ረስቶት በእጁ ይዞታል።

ይኼ ሁሉ ስንት ጊዜ ፈጀ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የጎመን ድስት እስኪበስል አልቆየም። ያ ሁሉ የገበያ ቀን ያለፈው ለዚህች ነው።

መኪናዋ አስፋልቱን በረረችው። ሁለተኛው አልጮኸም፣ ሦስተኛው አልጮኸም። ይበልጣል ደስ አለው፤ «ትሰሚያለሽ እማዬ? እንደ ቅቤ!» አለ። ትርንጎ መንገዱን ነው የምታየው። መገንጠያው ላይ ወደ አቀበቱ ታጠፉ። ወጡ፣ ወጡ፣ ወጡ። የአምባው ቤቶች ታዩ። የማንጠግቦሽ ደጅ ታየ፤ ክፍት ነው። ሰው ግን የለበትም፤ ውሻ ብቻ።

ከቤቱ አልፎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ነጭ በነጭ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል። ከፊት ቃሬዛ አለ። ከኋላ የምትሄደው ሴት የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ዞረች። ሽንኩርት ሻጯ ናት። ትርንጎን በመስታወቱ ውስጥ ስታያት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

ሞላልኝ ቁልፉን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ይበልጣል ከፊት ለመድረስ፣ ሰውን ለማለፍ መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዘ።

ትርንጎ እጇን እጁ ላይ አደረገች።

«ማርሹ ያዘልህ?»

«ያዘ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ቀስ በል፣ ልጄ። ከእንግዲህ ምን ያስቸኩልሃል?»

ይበልጣል ወደ አንደኛ መለሰው። ማርሹ ያለ አንዳች ድምፅ ገባ። መኪናዋ ከለቀስተኛው ኋላ፣ በሰው እርምጃ፣ አቀበቱን ተከተለች። ትርንጎም እህቷ ዘንድ ደረሰች።

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ አፌን ግን ዛሬ በምንም አታብሱልኝ። መራራው ትንሽ ይቆይበት።